የእማማ ዛጎል



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አራት ሆነን ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ነን። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ረዘም ስለሚል ታገሱን። መጀመሪያ ያጠፋነውን እንናገራለን፤ ከዚያ ጥፋታችን ወዴት እንደመራን።

ታላቅ እህታችን ሴት ልጅ ወለደች፤ አልሐምዱሊላህ። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ተደረገ። ቤቱ ጠቦ ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። እማማ (አያታችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ከመካኒሳ በታክሲ መጡ። ሕፃኗን ተቀብለው ዱዓ አደረጉላት፤ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ፈቱና በጥቁር ክር የተንጠለጠለች አንዲት ዛጎል አውጥተው በሕፃኗ እጅ ላይ አሰሯት።

«ይቺ የተጻፈባት ናት» አሉ። «ከዓይን ትጠብቃታለች። እናታችሁንም እናንተንም ያሳደግኩት በሷ ነው።»

እውነትም የተጻፈባት ትመስላለች። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ምልክቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ልጆች ሳለን እማማ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ አይተናታል፤ ነክተናት ግን አናውቅም።

አንደኛችን «ይሄ ሺርክ ነው!» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሌላኛችን መቀስ አመጣ። ሁለታችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም ስምምነት ነበር። እንግዳ ሁሉ እያየ ክሩ ተቆረጠ፤ ዛጎሏም ከቡናው ምድጃ አመድ ጋር ተደፋች።

እማማ አንድ ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። የዐቂቃውን ሥጋ ሳይቀምሱ ሄዱ። ስልክ ስንደውል አክስታችን «ተኝተዋል» ትለናለች። በጠዋት ብንደውል ተኝተዋል፣ ከመግሪብ በኋላ ብንደውል ተኝተዋል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ተኝተዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዒሻእ ሶላት በኋላ ኡስታዛችንን ጠብቀን ነገሩን ነገርናቸው። እውነት ለመናገር የጠበቅነው ምስጋና ነበር። ኡስታዝ በፍርዱ አልተከራከሩንም። ኢማሙ አሕመድ በሙስነዳቸው ከዑቅባ ኢብኑ ዓሚር በዘገቡት ሐዲስ ዛጎል ማንጠልጠል በስሙ ተጠቅሶ ተነቅፏል። ይጠብቀኛል ብሎ ማሰር አይፈቀድም፤ ይህ ግልጽ ነው አሉን። ቀጥለው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦

«ለመሆኑ ያቺ ነገር ምንድን ናት?»

ዝም አልን።

«አያታችሁ ተጽፎባታል ብለው ያከብሯታል። እናንተም የሆነ ነገር ተጽፎባታል ብላችሁ ሳትፈሯት አልቀራችሁም። አንዳችሁም ግን ምን እንደሆነች አታውቁም። ሄዳችሁ ዕወቁ፤ ከዚያ አያታችሁ ዘንድ ሂዱ።»

ወላሂ ልክ ነበሩ። ሲሕር ሊሆን ይችላል ብለን በእጃችን እንኳን አልነካናትም ነበር፤ ከነክሩ ነው የደፋናት። ደግነቱ እህታችን በዚያው ቀን ከአመዱ ለይታ፣ አጥባ፣ በሶፍት ጠቅልላ አስቀምጣት ኖሯል። እሷ ትሻላለች።

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናትና በማስመሪያ ለካናት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ቅርጿ አይስክሬም የሚቀመጥበትን ብስኩት ይመስላል፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። አናቷ ላይ ያለው ጥምዝ ዝቅ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ትናንሽ ጉብታዎች እንደ ዘውድ ከበውታል። በአንድ ጎኗ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ቀጭን ክፍተት አለ። መደቧ ነጭ ሆኖ ትንሽ ወደ ሮዝ ያደላል። «ጽሑፉ» ደግሞ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን መሰል ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ ልክ እንደ ፊደል።

ፎቶ አንሥተን የባዮሎጂ አስተማሪ ለሆነ የጎረቤታችን ልጅ ላክንለት። እሱ በሰጠን ፍንጭ ሦስት ምሽት ስንፈልግ ቆይተን አገኘናት። የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ናት። በሳይንስ ስሟ ኮነስ ኢብሬየስ ይባላል፤ «የዕብራይስጥ ኮን» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፣ በ1758። ስዊድን የተቀመጠው ምሁርም እንደ እማማ ፊደል መስሎታል ማለት ነው! እሱ ግን «ይመስላል» ብሎ ስም አወጣላት እንጂ እጁ ላይ አላሰራትም።

ፊደል የሚመስለውስ ከየት መጣ? ቀንድ አውጣዋ ቅርፊቷን የምትሠራው ከጠርዙ እየጨመረች ነው። ቅርፊቱን የሚያወጣው የሥጋዋ ዳር በየጊዜው ቀለም ይጥላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጥላል። ሸማኔ ጥለት ሲጥል እንደሚያደርገው ነው። ቀለሙ የወደቀበት ጥቁር ይሆናል፤ ያቆመበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሕይወት እያለች ቅርፊቷ ላይ ቢጫ መሰል ስስ ሽፋን አለ። ሞታ ሽፋኑ ሲለቅ «ጽሑፉ» ይፈካል። ሱብሐነላህ፣ ጸሐፊ የለበትም፤ የፈጣሪ ሥራ ግን አለበት።

ቀጥሎ ያገኘነው ይበልጥ አስገረመን። ይህች ትንሽ ፍጡር አዳኝ ናት። ቀን በድንጋይ ስንጥቅና በአሸዋ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። ከፊቷ አንዲት ቱቦ ዘርግታ ውሃውን እየሳበች ታሸታለች። የምትፈልገው የባሕር ትል ነው። ስትቀርበው ሌላ ቀጭን አፍንጫ መሰል ነገር ታስረዝማለች፤ ጫፉ ላይ አንዲት ጥርስ አለች። ጥርሷ እንደ መርፌ ክፍት፣ እንደ ጦር ሹል ናት። ትሉን ስትወጋው በጥርሷ ውስጥ መርዝ ይገባበታል፤ ይደነዝዛል፤ እንዳለ ትውጠዋለች። ያቺ ጥርስ ለአንድ ጊዜ ብቻ ናት። ለሚቀጥለው አደን ሌላ ጥርስ በከረጢቷ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አለን ኮን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሃዋይ ላይ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች አጥንቶ በ1959 አሳትሟል። አንድ ድንጋይ ላይ ብዙ ዓይነት ኮኖች አብረው ይኖራሉ። የሚበሉትን ሲመረምር ግን አብዛኞቹ የየራሳቸው ምግብ እንዳላቸው አገኘ፤ ይቺኛዋ ይህን ዓይነት ትል፣ ያቺኛዋ ያንን። በአንድ ሰፈር እየኖሩ አንዱ የሌላውን እንጀራ አይቀማም። እኛ ይህን ስናነብ አንዳችን «ሪዝቅ ይሏችኋል ይሄ ነው» አለ።

አገሯስ የት ነው? ከምሥራቅ አፍሪካ የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ይጀምራል። ውቅያኖሱን አቋርጦ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ በኩል ፓስፊክ ይገባል፤ ሃዋይን ይነካል፤ ከዚያም አልፎ እስከ ኮስታሪካና ፓናማ ይደርሳል። የዓለምን ግማሽ ያህል ማለት ነው። ቀንድ አውጣ እንዴት ይህን ያህል ሄደች ካላችሁ፣ የምትሄደው ስታድግ አይደለም። ከእንቁላል የወጡት ጫጩቶቿ በዓይን የማይታዩ ያህል ደቃቅ ናቸው፤ ወደ ታች ሰፍረው ቅርፊታቸውን ከማሳደጋቸው በፊት የባሕር ሞገድ ለሳምንታት ይዟቸው ይጓዛል።

በኬንያና በታንዛኒያ ጠረፍ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ ትገኛለች። እዚያ ብርቅ አይደለችም። ከሞምባሳ እስከ አዲስ አበባ ግን በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳን ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ማን ያውቃታል? ባሕር አጠገብ ያደገ ልጅ «ትል የምትበላዋ» ይላታል። ከባሕር የራቀ ሰው «የተጻፈባት» ይላታል። ነገሩ የገባን እዚህ ላይ ነው፦ ዛጎል ከአገሩ በራቀ ቁጥር ምስጢሩ ይጨምራል።

ዋጋውም እንደዚያው ነው። ኢብን ባጡጣ በ1343 ማልዲቭስ ደሴቶች ደርሶ በቃዲነት አገልግሏል። እዚያ ሰዎች ሌላ ዓይነት ዛጎል፣ ያቺን የምናውቃትን ነጯን፣ ከባሕር እየሰበሰቡ ሥጋዋ እስኪጠፋ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያኖሩና እንደ ገንዘብ እንደሚገበያዩባት ጽፏል። በማልዲቭስ 400,000 ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይሸጥ ነበር። ያው ሰው በኋላ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማሊ ሲደርስ ያቺኑ ዛጎል አገኛት፤ እዚያ አንድ የወርቅ ዲናር የሚገዛው 1,150 ብቻ ነበር። ዛጎሏ አልተለወጠችም። የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ይህ ንግድ አገራችንንም ያውቃታል። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐርላ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቁፋሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሸቀጦች፣ የባሕር ዛጎሎችና የዛጎል ሥራ ምልክቶችን አግኝቷል። ሙስሊም ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ዛጎልን ጠርበው ጌጥ ያደርጉ ነበር። ኡስታዝም ያሉን ይህንኑ ነው፦ ዛጎል በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጌጥ ነው፣ ሸቀጥ ነው፣ የአላህ ፍጥረት ነው። ጥፋቱ ያለው እኛ ልባችን ውስጥ በጨመርንበት ነገር ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምርና ወደ እማማ እንመለስ። የዚህች ቀንድ አውጣ ዘመዶች ከ800 በላይ ዓይነት ናቸው። ከነሱ መካከል ዓሣ የሚያድኑ አሉ፤ መርዛቸው ሰውን ይገድላል። ጂኦግራፊ ኮን የሚባለው ሰው ገድሏል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። እሱ ቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራል። ስለዚህ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ወይም ጅዳ ባሕር ዳር የምትሄዱ ሁሉ፣ ሾጣጣ የሆነ የሚያምር ዛጎል በሕይወት ያለ ከሆነ በእጃችሁ እንዳታነሡ።

የሚገርመው ግን መድኃኒቱም ከዚያው መርዝ መውጣቱ ነው። ፊሊፒንስ የተወለደው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ የኮኖችን መርዝ ማጥናት ጀመረ። በአሜሪካ፣ ዩታ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክል ማኪንቶሽ፣ ኮነስ ማገስ ከሚባለው ዓይነት መርዝ አንዲት ንጥረ ነገር ለየ። ከዚያች የተሠራው ዚኮኖታይድ የሚባል መድኃኒት በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሞርፊን ላቃተው ከባድ ሕመም በጀርባ አጥንት በኩል ይሰጣል። የልጅነት ዕድሜ ያለው ተማሪ ነው ያገኘው፤ እኛን የሚያህል። ዛጎሉ በክር ታስሮ ማንንም አልፈወሰም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ፍጥረቱን ሲያጠና ግን አላህ በሰበቡ ሕመም አስታገሰበት።

ይህን ሁሉ ይዘን አንድ ጁሙዓ ከሰዓት መካኒሳ ሄድን። እማማ ተኝተው አልነበረም፤ ቡና እየለቀሙ ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ አልንና መጀመሪያ «አውፍ በሉን» አልን። መልስ አልሰጡንም። ዛጎሏን አውጥተን እጃቸው ላይ አኖርናት። አገላብጠው አዩዋት፤ ከአመድ መውጣቷን አላወቁም ነበር።

«እማማ፣ ምን እንደሆነች አወቅናት። እንንገርዎት?»

ስልካችንን ከፍተን በሕይወት ያለችውን አሳየናቸው። አድራ ስትወጣ፣ ስታሸት፣ ትሉን ስትወጋ። ሁለተኛ አሳዩኝ አሉ። ሦስተኛ አሳዩኝ አሉ።

«ትል ናት የምትበላው?»

«አዎ እማማ።»

«ጽሑፉስ?»

የቀለሙን ነገር በሸማኔው ምሳሌ ነገርናቸው። ቡናውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እኛ ተወልደን የማናውቀውን ነገር ተናገሩ።

ከእናታችን በፊት ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ወሎ ውስጥ፣ በአንድ ወር ሁለቱንም ኩፍኝ ወሰዳቸው። እናታችን ስትወለድ የእማማ እናት ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደው ከአንድ ጌጥ ሻጭ ይህችን ዛጎል ገዙ። ሻጩ «የተጻፈባት ናት» አላቸው። ታሰረች። እናታችን አደገች። እማማም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለማንም ሳይናገሩ አንድ ነገር ተሸክመው ኖሩ፦ ያኔ ቀድሜ አግኝቼ አስሬላቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አይሞቱም ነበር።

እኛ በመቀስ የቆረጥነው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባን።

«እንግዲህ ባስርላቸውም…» ብለው ቃሉን አልጨረሱትም።

«ምንም አታደርግም ነበር እማማ። ትል በላተኛ ናት። የሞቱት በርስዎ ጥፋት አይደለም። አጀላቸው ነበር።»

እማማ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ሺርክ ነው ብለን የጮህን ቀን ከፍርዱ በላይ የነበረውን ራሕመት ጥለነው ነበር። ዛጎሏ ትጠብቃለች የሚለው እምነት የሚጎዳው ዐቂዳን ብቻ አልነበረም። አንዲት እናት የልጆቿን ሞት በራሷ ላይ እንድትፈርድ አድርጓታል፤ ያውም ከሃምሳ ዓመት በላይ። ያን ሸክም ያወረደው ጩኸታችን አልነበረም። ሦስት ምሽት ቁጭ ብለን ማንበባችንና ሄደን እግራቸው ሥር መቀመጣችን ነው።

ከዚያ በኋላ እማማ ዛጎሏን ለማንም አላሰሩም። አልጣሏትምም፤ የእናታቸው መታሰቢያ ናት፣ ሣጥናቸው ውስጥ አለች። የሰፈር ልጆች ሲመጡ አውጥተው «ይቺን ታውቃላችሁ? ጦር አላት!» እያሉ ያሳያሉ። ታሪኩን ከኛ አሳምረው ነው የሚናገሩት።

ሕፃኗ 9 ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባት ቀኗ ደረሰ። እማማ ከማንም ቀድመው ተነሥተው ከመካኒሳ መጡ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሕፃኗን ይዘው ያስወጉትም እሳቸው። ስትወጋ ቢስሚላህ አሉ። ስታለቅስ አባበሏት። ነርሷ ቀጣዩ ክትባት በ15 ወሯ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ እማማም ቀኑን ካርዷ ላይ አስጽፈው ካርዷን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ውድ እህት ወንድሞች፣ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል። መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ዕወቁ፤ ከዚያ የያዘው ሰው ለምን እንደያዘው ጠይቁ። እውነቱን አትደብቁ፤ ግን ቁጭ ብላችሁ ንገሩ።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ከመልካም አደብ ጋር ይስጠን። ለእማማና ለሁለቱ ልጆቻቸው ዱዓ አድርጉልን። አሚን።